ለአንድ መሻገሪያ የአምስት ቀን ሒሳብ፦ ጎልደን ጌት ድልድይና የኪራይ መኪና

ጎልደን ጌት ድልድይ የሚያስከፍለው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚገባውን መኪና ብቻ ነው፤ ከ1968 ጀምሮ እንዲሁ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ መኪና ተከራይቶ ከከተማው ወደ ሳውሳሊቶ ወይም ወደ ሙየር ዉድስ ደን የሚሄድ ጎብኚ ሲወጣ ሳንቲም አይጠየቅም። ክፍያው የሚጠብቀው ሲመለስ ነው። ያኔም ቢሆን ኬላው ላይ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የለም፤ መኪናው ሳይቆም ያልፋል፣ ካሜራ ታርጋውን ያነሳል፣ ጉዞው ይቀጥላል። ከቆይታ በኋላ ክሬዲት ካርዱ ላይ ጎብኚው የማያውቀው ስም ብቅ ይላል፤ የተቆረጠውም ገንዘብ ከድልድዩ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው።

ይህ ዓይነቱ ሒሳብ በማርች 2017 ፍርድ ቤት ደረሰ። በጊዜው የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አቃቤ ሕግ የነበሩት ዴኒስ ኸሬራ፣ ኸርዝ የተባለውን የመኪና አከራይና አሜሪካን ትራፊክ ሶሉሽንስ የተባለውን ኩባንያ ከሰሱ። ሁለተኛው ኩባንያ ፕሌትፓስ የሚባለውን፣ የተከራዩን የመንገድ ክፍያ በራሱ ከፍሎ በኋላ ከተከራዩ ካርድ የሚቆርጠውን አገልግሎት የሚያንቀሳቅስ ነበር፤ በ2018 ስሙን ቬራ ሞቢሊቲ ብሎ ቀይሯል። ክሱ የተመሠረተው በካሊፎርኒያ የኢፍትሐዊ ውድድር ሕግ ላይ ሲሆን ጭብጡ አጭር ነው፦ ተከራዮቹ ድልድዩ ጥሬ ገንዘብ እንደማይቀበል በቂ ማሳሰቢያ ሳይሰጣቸው፣ አንዴ ስላለፉ ብቻ ላላለፉባቸውም ቀናት እንዲከፍሉ ተደርገዋል የሚል። ጉዳዩ በ2019 በስምምነት አለቀ። ሁለቱ ኩባንያዎች 3.65 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና ተከራዮችን በግልጽ ለማሳወቅ ተስማሙ።

ሒሳቡ እንዴት ነበር

በ2017 መጀመሪያ የድልድዩ ተመን፣ ፋስትራክ የሚባለው የክልሉ የመንገድ ክፍያ መሣሪያ ላለው 6.50 ዶላር፣ በታርጋው ለሚከፍል 7.50 ዶላር ነበር። የፕሌትፓስ የአገልግሎት ክፍያ ደግሞ በቀን 4.95 ዶላር ሆኖ ጣሪያው 24.75 ዶላር ነበር። ወጥመዱ የነበረው «በቀን» በምትለው ላይ ነው። ቀን ማለት ድልድዩን የተሻገሩበት ቀን አልነበረም፣ መኪናው በእጅ ያለበት የኪራይ ቀን ሁሉ ነበር። ድልድዩ መሻገሪያን ይቆጥራል፣ አገልግሎቱ ግን የኪራይ ቀናትን ይቆጥር ነበር።

አምስት ቀን ተከራይቶ አንዴ የተሻገረ ሰው ለድልድዩ 7.50፣ ለአገልግሎቱ 24.75፣ በድምሩ 32.25 ዶላር ይከፍል ነበር። የአገልግሎቱ ክፍያ ብቻውን ከመሻገሪያው ዋጋ 3.3 እጥፍ ነው። ያው ሰው ለአንድ ቀን ብቻ ተከራይቶ ቢሆን ድምሩ 12.45 ዶላር ይሆን ነበር። በሌላ በኩል አምስቱንም ቀን በየቀኑ የተሻገረ ሰው ለድልድዩ 37.50፣ ለአገልግሎቱ ያንኑ 24.75 ይከፍላል፤ ድምሩ 62.25 ነው፣ ለእያንዳንዱ መሻገሪያ የተጨመረው 4.95 ብቻ። እንግዲህ አገልግሎቱ በጣም የሚጎዳው ብዙ የሚነዳበትን ሰው ሳይሆን እምብዛም የማይጠቀምበትን ነው። ለጎብኚ ደግሞ የተለመደው ይኸው ነው፦ ረጅም ኪራይ፣ አንድ ወይም ሁለት መሻገሪያ።

«ካልተጠቀሙበት አይከፍሉም» የሚለው የዚህ ዓይነት አገልግሎት ማባበያም እዚህ ላይ ሲታይ ሌላ መልክ አለው። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን አንዴ መጠቀም የኪራዩን ቀናት በሙሉ፣ ያለፉትንም የሚመጡትንም፣ እስከ ጣሪያው ድረስ ያስከፍል ነበር። ሰኞ የተረከቡትን መኪና አርብ ቢያሻግሩት ሒሳቡ ወደ ሰኞ ይመለስ ነበር።

ለምን ድንገት ችግር ሆነ

የውሉን አንቀጽ ብቻ ያነበበ ሰው ጥፋቱ የተከራዩ ነው ሊል ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ ፈርሟል። የጎደለው ግን የድልድዩ ታሪክ ነው። እስከ ማርች 27 ቀን 2013 ድረስ ኬላው ላይ ገንዘብ ተቀባዮች ነበሩ። ስለ ፕሌትፓስ ሰምቶ የማያውቅ ተከራይ ቆሞ፣ ጥሬ ገንዘብ ሰጥቶ ሲያልፍ አገልግሎቱ አይነሳበትም ነበር። በዚያ ቀን ድልድዩ ጥሬ ገንዘብ መቀበል ሲያቆም፣ የነበረው አንቀጽ አንድ ፊደል ሳይለወጥ ትርጉሙ ተገለበጠ። ቀድሞ የሚመርጠው የሚገባበት ነበር፤ ከዚያ በኋላ አስቀድሞ አውቆ የሚሸሽ ካልሆነ በቀር ሁሉም የሚገባበት ሆነ። የተከራዩ ዝምታ እንደ ፈቃድ ተቆጠረ።

ዞሮ መምጣትም አያዋጣም። ከሰሜን በኩል የሪችመንድ ሳን ራፋኤል ድልድይን ወደ ምሥራቅ ማቋረጥ ነፃ ነው፤ ከኦክላንድ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ለመግባት ግን ቤይ ብሪጅ ያስከፍላል፣ ከእሱ በታች ያሉት የሳን ማቴዮና የደምባርተን ድልድዮችም ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ያስከፍላሉ። ሳንቲም ሳይከፍሉ ለመመለስ የባሕረ ሰላጤውን ግርጌ በሳን ሆዜ በኩል መዞር ያስፈልጋል፤ በነዳጁ ብቻ ከድልድዩ በላይ ይወጣበታል። በክልሉ የሚገኙት ሌሎቹ ሰባት፣ የግዛቱ ንብረት የሆኑ ድልድዮችም ከማርች 2020 ወዲህ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ስለዚህ ጉዳዩ የጎልደን ጌት ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ

ካሜራው ያነሳው ታርጋ ወደ ድልድዩ የክፍያ ማዕከል ይሄዳል። እዚያ ሥርዓቱ ታርጋው በማን ሒሳብ እንደተመዘገበ ይፈልጋል። የአከራዩ መኪኖች ታርጋ በአገልግሎት ሰጪው ሒሳብ ውስጥ አስቀድሞ በጅምላ ተመዝግቧል፤ ስለዚህ ክፍያው ወዲያው ከዚያ ሒሳብ ይወሰዳል። ቀጥሎ አገልግሎት ሰጪው ቀኑንና ሰዓቱን ከአከራዩ የኪራይ መዝገብ ጋር አመሳክሮ መኪናው በማን እጅ እንደነበረ ይለያል፣ የቀን ክፍያውን ይጨምራል፣ ከተከራዩ ካርድ ይቆርጣል። መኪናው ሲመለስ የሚሰጠው ደረሰኝ ይህን ላያሳይ የሚችለውም ለዚህ ነው፦ ሒሳቡ ገና አልመጣም፣ ሲመጣም በሌላ ኩባንያ ስም ነው።

ከዚህ ሂደት አንድ ተግባራዊ ነገር ይወጣል። ተከራዩ የድልድዩን ዋጋ ራሱ መክፈል ከፈለገ፣ ክፍያው ድልድዩ ጋር መድረስ ያለበት ሥርዓቱ ታርጋውን ወደ አገልግሎት ሰጪው ሒሳብ ከመውሰዱ በፊት ነው። ከመረካከቢያው በኋላ ቢሮ ሄዶ «እኔ ራሴ ልክፈል» ማለት ጊዜው ያለፈበት ጥያቄ ነው።

መንገደኛው ምን ማድረግ ይችል ነበር

ጎልደን ጌት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የአንድ ጊዜ ክፍያ የሚባል መንገድ አለው። በፋስትራክ ድረ ገጽ ላይ ከመሻገር በፊት እስከ 30 ቀን፣ ከተሻገሩ በኋላ ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ መክፈል ይቻላል። ሒሳብ መክፈት አያስፈልግም፤ የሚጠየቀው የታርጋ ቁጥር፣ ታርጋውን የሰጠው ግዛት፣ የመሻገሪያው ቀንና የክፍያ ካርድ ነው። የ48 ሰዓቱን ዕድል እንደ መጠባበቂያ መያዝ ነው እንጂ ዕቅድ ማድረግ አይገባም። መኪናውን በተረከቡበት ሰዓት፣ ከማቆሚያው ሳይወጡ መክፈሉ ይሻላል፤ ከላይ የተነገረው ቅድሚያ የሚረጋገጠው እንደዚያ ነውና።

ይህ መንገድ የሚበላሸው በአብዛኛው በትንሽ ነገር ነው። የኪራይ መኪና ብዙ ጊዜ የሌላ ግዛት ታርጋ ይዞ ይገኛል፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ስለተከራዩ ብቻ ካሊፎርኒያ ብለው የሚሞሉ ሰዎች ገንዘባቸው ከየትኛውም ፎቶ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል፣ ካሜራው ግን አከራዩን ያገኘዋል። በውሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከመገልበጥ የመኪናውን የኋላ ታርጋ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበልጣል፤ በመረካከቢያው ላይ መኪና ከተቀየረ ውሉ የቀድሞውን ታርጋ ይዞ ሊቀር ይችላልና። ኦ የሚለውን የላቲን ፊደልና ዜሮን መለየትም ያው ነው። ሌላው የሚረሳ ነገር የመሻገሪያው ብዛት ነው፦ በሁለት ቀን ሁለቴ ወደ ከተማው የገባ ሰው አንዴ ብቻ ከከፈለ ሁለተኛው መሻገሪያ ብቻውን የቀን ክፍያውን በሙሉ ይቀሰቅሳል። ግማሽ ጥንቃቄ እዚህ ምንም አያተርፍም።

ዋጋው ዛሬ ከፍ ብሏል። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ፋስትራክ ላለው 9.75፣ በታርጋ ሒሳብ ወይም በአንድ ጊዜ ክፍያ ለሚከፍል 10.00፣ ደረሰኝ በፖስታ እስኪላክለት ለሚጠብቅ 10.75 ዶላር ነው፤ እስከ 2028 ድረስም በየዓመቱ ጁላይ 50 ሳንቲም እንዲጨመር ተወስኗል። ሦስት ሰው ወይም ከዚያ በላይ ጭኖ በሥራ ቀን በመጨናነቂያ ሰዓት ለሚገባ መኪና ቅናሽ አለ፣ ግን ፋስትራክ ከሌለ አይሰጥም። መኪና ሙሉ ቤተሰብ ጭኖ በታርጋ የሚከፍል ጎብኚ ይህን አያገኝም።

የራሱ ፋስትራክ ያለው ሰው መሣሪያውን ይዞ መምጣት ይችላል፤ የኪራይ መኪናውን ታርጋ ግን በሒሳቡ ላይ ማስመዝገብ አለበት፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ወስኖ። መኪናውን ሲመልስ ታርጋውን ማውጣት ከረሳ ቀጣዩ ተከራይ የሚሻገረው በእሱ ገንዘብ ነው። በሌላ በኩል የአከራዩ መኪና የፊት መስታወት ላይ የተለጠፈ የራሱ መሣሪያ ካለ፣ በትንሽ ተንሸራታች ሽፋን ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሽፋኑ ሲዘጋ አይነበብም፣ ሲከፈት ይነበባል። የቀድሞው ተከራይ ክፍት ትቶት ከሄደና የእርስዎም መሣሪያ ከተነበበ አንዱ መሻገሪያ ሁለቴ ሊከፈል ይችላል። መኪናውን ሲረከቡ ጭረት እንደሚፈልጉት ሁሉ ይህችንም ሳጥን ማየት የአምስት ሰከንድ ሥራ ነው። ከምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ኢዚፓስ የሚባለውን የዚያ አካባቢ የመንገድ ክፍያ መሣሪያ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ መሣሪያው ካሊፎርኒያ ውስጥ አይሠራም፤ ፍሎሪዳ ውስጥ ከ2021 ወዲህ ስለሚሠራ ብዙዎች በሁሉም ቦታ ይሠራል ብለው ይሳሳታሉ።

በኪራዩ መስኮት የሚቀርበው «ያልተገደበ የመንገድ ክፍያ» ጥቅልስ? እሱም የሚታሰበው በኪራይ ቀን ነው። የጥቅሉን የቀን ዋጋ በኪራዩ ቀናት አባዝቶ፣ ይደረጋሉ ከተባሉት መሻገሪያዎች ድምር ጋር ማወዳደር ይበቃል። ክፍያ ያላቸው መንገዶች በየቀኑ በሚደራረቡበት አካባቢ ጥቅሉ ሊያዋጣ ይችላል። ለጎልደን ጌት አንድ መሻገሪያ ግን በምንም ስሌት አያዋጣም። ያለ ጥቅል የሚሠራውን አገልግሎት የሚጠይቁት ጥያቄ ደግሞ ሦስት ናቸው፦ ክፍያው ለኪራይ ቀን ነው ወይስ ለተጠቀሙበት ቀን፣ ጣሪያው ስንት ነው፣ ጣሪያው ለአንድ ኪራይ ነው ወይስ ለአንድ ወር። አከራዮች እዚህ ላይ ይለያያሉ፣ የራሳቸውንም ውል በየጊዜው ይለዋውጣሉ፤ የአምናን ተሞክሮ ማመን አያዋጣም።

ነፃ የሚባሉት ነገሮች

በዚያው መስኮት የሚሰጡ ሌሎች ስጦታዎችም በተመሳሳይ ዓይን መታየት አለባቸው። በደንበኝነት ነጥብ የተገኘ ነፃ የኪራይ ቀን የመኪናውን ዋጋ ይሸፍናል፤ ግብሩንና የአውሮፕላን ማረፊያ ክፍያውን መሸፈኑ እንደ ኩባንያው ነው። የመንገድ ክፍያ አገልግሎቱ በኪራይ ቀን የሚቆጥር ከሆነ ደግሞ ነፃውም ቀን የኪራይ ቀን ነው። አምስተኛውን ቀን በነፃ አግኝቶ መኪናውን ማቆየት የአገልግሎት ክፍያውንም በአንድ ቀን ይገፋዋል። በነፃ ወደ ትልቅ መኪና መሻሻል በጎልደን ጌት ላይ ዋጋ አይጨምርም፣ ተመኑ የሚወጣው በአክስል (ጎማዎቹን በሚያገናኘው ዘንግ) ብዛት ነውና፤ ጭማሪው ነዳጁ ላይ ነው።

ከሁሉም ውዱ ነፃ ነገር ግን የመዝናኛ ቤት ድርሻ (ቤቱን በየዓመቱ ለተወሰኑ ቀናት የመጠቀም መብት) ለመሸጥ የሚጠራው ገለጻ ነው። ነፃ የሽርሽር ትኬት ወይም የሆቴል ሌሊት ይሰጣል፣ በልዋጩ አንድ ሰዓት ተኩል የተባለ ግማሽ ቀን ይወስዳል። የሆቴሉ ኩፖን ብዙ ጊዜ ማስያዣና ግብር ይጠይቃል፣ በበዓላት ቀንም አይሠራም፤ እነዚህ በወረቀቱ ጀርባ ናቸው። ጫናው ከብዶት የፈረመ ሰው የሚያስፈልገው ቁጥር ውል የማፍረሻ ጊዜው ነው፦ ኔቫዳ 5 ቀን፣ ካሊፎርኒያ 7 ቀን፣ ፍሎሪዳ 10 ቀን። ማፍረሻው በጽሑፍ መሆን አለበት፤ የሻጩ «በስልክ ንገሩን ይበቃል» የሚል ቃል ቀን ያስበላል እንጂ ውል አያፈርስም። ደብዳቤው በውሉ ላይ በተጻፈው አድራሻ፣ የተላከበት ቀን በሚመዘገብበት መንገድ ይላካል። ቀኑ የሚቆጠረው ከጉዞ ከተመለሱበት አይደለም።

ሒሳቡ ከመጣ በኋላ

ካርዱ ላይ የመጣውን ክፍያ ለመከራከር መጀመሪያ ዝርዝሩን ማግኘት ያስፈልጋል፦ የመሻገሪያው ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓትና ታርጋ። ፕሌትፓስ ይህን በድረ ገጹ ላይ ደረሰኝ በመጠየቅ ይሰጣል፤ ሌሎቹም ተመሳሳይ መንገድ አላቸው። ሰዓቱን መኪናውን ከተረከቡበትና ከመለሱበት ሰዓት ጋር ያነጻጽሩ። የመመለሻው ሰዓት የተጻፈበትን ወረቀት መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፣ በተለይ ቢሮው ከተዘጋ በኋላ ቁልፍ በሳጥን ጥለው ለሚሄዱ።

የሚያሸንፍና የማያሸንፍ ክርክር አለ። ሁለቴ የተከፈለ መሻገሪያ፣ ከመመለሻ በኋላ የተመዘገበ መሻገሪያ፣ የሌላ መኪና ታርጋ፣ በአንድ ጊዜ ክፍያ ቀድሞ የተከፈለ መሻገሪያ፦ እነዚህ የሒሳብ ስህተቶች ናቸው፣ ደረሰኝ ካለ ብዙ ጊዜ ይመለሳሉ። «የቀን ክፍያው በዛብኝ» የሚለው ግን የውል ጥያቄ ነው፣ ፊርማው አለ፤ አከራዩ በቸርነት ካልቀነሰ በባንክ በኩል ብዙም አይራመድም። በሳን ፍራንሲስኮ ያን ጥያቄ ያንቀሳቀሰው የከተማው አቃቤ ሕግ ነበር፣ ያም ሁለት ዓመት ወስዷል። ስለዚህ ቅሬታው ሁለቱንም ከያዘ ለይቶ ማቅረብ ነው፤ ስህተቱን ለባንኩ፣ የማሳወቅ ጉድለቱን ለሸማቾች ጉዳይ ባለሥልጣን።

አሜሪካ ውስጥ በወጣ ክሬዲት ካርድ ላይ የሒሳብ ስህተትን በጽሑፍ ለመቃወም ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ ስህተቱ መጀመሪያ የታየበት መግለጫ ከተላከ በኋላ 60 ቀን ነው። የመንገድ ክፍያ ዘግይቶ ስለሚመጣ ቀኑ የሚቆጠረው ከጉዞው ሳይሆን ከመግለጫው መሆኑ ለተከራዩ ይጠቅማል። በሌላ አገር የወጣ ካርድ በአወጣው ባንክ ደንብ ይተዳደራል፣ ጊዜውም ሊያጥር ይችላል። ደብዳቤው የሚላከው ባንኩ ለሒሳብ ክርክር ብሎ በመግለጫው ላይ ወደጻፈው አድራሻ ነው፤ ወርሃዊ ክፍያ ወደሚላክበት አድራሻ ከሄደ በሕጉ እንደ ደረሰ አይቆጠርም።